ባለጋሪዋን የሚጠብቀው መብራት

ሬሳው የተገኘው ጭብጨባው ካበቃ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ የመጣ ሰባት ሰው ያለበት ገምጋሚ ኮሚቴ መስቀለኛው መንገድ ዳር ተደርድሮ አዲሱን ብልህ የትራፊክ መብራት ሲመለከት አርፍዶ ነበር። ብልህ የተባለው አስፋልቱ ሥር በተቀበሩ መቁጠሪያዎች መኪናውን ቆጥሮ፣ ሰልፉን መዝኖ፣ በራሱ ጊዜ አረንጓዴና ቀይ ይሰጣል ስለተባለ ነው። እውነትም መብራቱ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ከመቆሙ በቀር አላሳፈረም። ረጅሙን ሰልፍ አስቀድሞ ለቀቀ፣ ባዶውን መንገድ በከንቱ ክፍት አላደረገም፣ አንድ አምቡላንስ እየጮኸ ሲመጣ ደግሞ ሦስቱን አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ አቁሞ እንደ ሙሽራ አሳለፈው። ኮሚቴው አጨበጨበ። ለስልሳ መስቀለኛ መንገዶች የሚሆነው የመንግሥት ገንዘብ በዚያች ጭብጨባ እንደጸደቀ እዚያ ለቆመ ሁሉ ገብቶታል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መስቀለኛውን ቁልቁል የሚያየው አሮጌ ሕንፃ ጥበቃ ከሦስተኛ ፎቅ እየተንደረደረ ወርዶ ያገኘውን ፖሊስ እጅጌ ያዘ።

ነገሩ የተመራለት ኢንስፔክተር ጣቢያ ውስጥ "ቆይ" በሚል ቅጽል ይታወቃል። ሰው ሁሉ አለቀ ብሎ ከወንበሩ ሲነሣ እሱ "ቆይ" ስለሚል ነው። ባልደረቦቹ ስሙን በፍቅር ይጠሩታል፣ አለቆቹ ግን ቆሽታቸው እያረረ።

ሟቹ መስኮቱ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተመትቷል። በቀኝ እጁ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ይዟል። ክፍሉን የትራፊክ መብራት ጽሕፈት ቤት ለዕቃ ማከማቻ የተከራየው ሲሆን፣ የጽሕፈት ቤቱ ዋና መሐንዲስ ክራቫቱን እየነካካ በሩ ላይ ቆሟል።

"ሌባ ነው" አለ መሐንዲሱ ሳይጠየቅ። "ሽቦ ሊሰርቅ ገብቶ ከግብረ አበሩ ጋር ተጣልቶ ይሆናል። መዳብ ስንዘረፍ የመጀመሪያችን አይደለም።"

"ቆይ። ሰውየውን ያውቁታል?"

"በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።"

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ የሟቹን ፊት ቀና አድርጎ አየ። ያውቀዋል። እሱ ብቻ ሳይሆን በዚህ መስቀለኛ መኪና የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ሁሉም 'ፊሽካ' የሚለው ሰውዬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ በፊሽካውና በሁለት እጁ ከተማውን ሲያስተናግድ የኖረ ትራፊክ ፖሊስ፣ አንድ የጭነት መኪና ጉልበቱን ሰብሮ ጡረታ እስኪያስወጣው ድረስ።

ዓይኑን ከሬሳው ላይ አነሣና ክፍሉን አንድ በአንድ ቃኘ። መስኮቱ አጠገብ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ በእጅ የተሰፋ ትራስ። ከጎኑ ፔርሙስ፤ ሻዩ አሁንም ለብ ያለ ነው። መጋረጃው ላይ ደግሞ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ የምትሆን ቀዳዳ ተቀድዳለች። ከመስኮቱ ፍሬም ሥር አንድ ጥቁር ገመድ ወጥቶ ጫፉ ተቆርጧል። ቁርጡ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል።

"ትራስና ሻይ ይዞ የሚመጣ ሌባ ገጥሞኝ አያውቅም" አለ ኢንስፔክተሩ።

 ጥበቃውን ደረጃው ላይ ለብቻው ሲይዘው ብዙም አላስለመነው።

"አልዋሽም አለቃ፣ አላየሁም በል ተብዬ ነው። አንካሳው ሰውዬ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ይገባል፣ ሲመሽ ይወጣል። ዛሬም እንደ ልማዱ ሰላም ብሎኝ ገባ።"

"ሌላ ማን ገባ?"

"በፊት በር ማንም። በጀርባው በር ግን መሐንዲሱና ቴክኒሻኑ ቁልፍ አላቸው። እዚያ በኩል የሚሆነውን እኔ አላይም።"

*

የፊሽካ ሚስት ልብስ ሰፊ ነች። ኢንስፔክተሩ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሲደርስ የስፌት መኪናው ላይ ያልተጨረሰ እጅጌ ተሰክቶ ቀርቷል። ወንበሮች ለለቅሶ ተደርድረዋል። የተቀመጠባቸው ግን የለም።

"በሬዲዮ ተናገሩት" አለች። "'የመዳብ ሽቦ ሌባ ሞቶ ተገኘ' ብለው። ጎረቤት ሁሉ በር ዘጋብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ፀሐይ ላይ ቆሞ የአንድ ሹፌር ሳንቲም ያልነካ ሰው!"

አጠገቧ ትከሻዋን አቅፎ የተቀመጠ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ወጣት ነበር። ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት በስድስት ዓመቱ ተረክባ፣ አጥባና አልብሳ፣ አስተምራ ያሳደገችው እሷ ናት። ያው የትራፊክ መብራት ጽሕፈት ቤቱ ቴክኒሻን ነው።

"ባለቤትዎ እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"መብራት ቤት ተቀጠርኩ አለኝ። ምንድን ነው ሥራህ ስለው 'ማየት' ይለኛል። ከዚያ በላይ አይናገርም፣ አትናገር ተብሏል መሰለኝ። ለዚያች ለሳጥኗ እንኳ..."

"እትዬ፣ ተይ አሁን፣ አትድከሚ" ብሎ ወንድሟ ውሃ አስጨበጣት። ጠጣች፤ የጀመረችውንም ረሳችው። ኢንስፔክተሩ ግን አልረሳም።

"አንድ ነገር ልለምንህ" አለች እጁን ይዛ። "ገዳዩን ባታገኘው ግድ የለኝም። እሱን አይመልስልኝም። ብቻ ባሌ ሌባ አይደለም በሉልኝ። በዚያው በሬዲዮአችሁ።"

ወንድሟ ኢንስፔክተሩን እስከ በር ሸኘው። ከዚያም ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እውነቱን ልንገርዎ። ከሥራ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። መብራቱ ብልህ አይደለም። አስፋልቱ ሥር የተቀበረ ነገር የለም። ብልሁ ጋሼ ነበር።"

"አልገባኝም።"

"ትራፊክ ፖሊስ መብራቱን በእጁ የሚያዝበት ባለ አራት ቁልፍ ሳጥን አለ። ገመዱን አስረዝመን ሦስተኛ ፎቅ አወጣነው። ጋሼ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየ ይጫናል። መቁጠሪያዎቹ እስኪመጡ ለጊዜው ነው ተብሎ ሰባት ወር ሠራ። ስሙ ግን የትም አልተጻፈም።"

"ዛሬም እሱ ነው የተጫነው?"

"ሌላ ማን አለ? ኮሚቴው ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል ሲያይ እሱ ሲሠራ ነበር። አምቡላንሱን እንዴት እንዳሳለፈው አልሰሙም? ከሁለት ተኩል በኋላ እኔ ከኮሚቴው ጋር ስብሰባ አዳራሽ ነበርኩ። መሐንዲሱ ግን ለሃያ ደቂቃ ወጥቶ የውሃ ሽታ ሆኖብን ነበር። እኔ ከዚህ በላይ አልልም።"

ከዚህ በላይ ማለትም አላስፈለገውም። አመሻሹ ላይ ሬሳውን የመረመረችው ሐኪም ስልክ ደውላ ሰውየው የሞተው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው አለች። ልክ ትዕይንቱ እንዳለቀ ማለት ነው።

*

በመሐንዲሱ ቢሮ ግድግዳ ላይ የብልሁ መብራት ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ሥዕሉ ላይ እግረኞቹ ሁሉ ይስቃሉ።

"ሃያ ደቂቃ የት ነበሩ?"

"ለባለቤቴ ስልክ እየደወልኩ።"

"ስልክ ቤቱን ልጠይቅ?"

 መሐንዲሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሊቀጥል አሰበና ተወው።

"ላመሰግነው ነው የወጣሁት። በሩን ስከፍት ወድቋል። አልተነፈሰም። ሳጥኑ በቦታው የለም። ኮሚቴው ታች ሻይ እየጠጣ ነው፤ ፖሊስ መጥቶ ይህ ሰው እዚህ ምን ያደርጋል ቢል አለቀልን። ሽቦው መደርደሪያው ላይ ነበር። እጁ ውስጥ አደረግኩት።"

"ሬሳ እጅ ውስጥ።"

"ትልቅ ፕሮጀክት ነው። የአርባ ሰው ኑሮ ነው።"

"ሰውየውስ ኑሮ አልነበረውም?"

 መሐንዲሱ ስለ ፊሽካ ማማረር ጀመረ። "ደንብ የማያውቅ ሰው ነበር። ለእግረኛ የተወሰነው አሥራ ስምንት ሰከንድ ነው፤ እሱ አንዲት ካርቶን ሰብሳቢ አሮጊት ጋሪዋን እየገፋች ስታቋርጥ መንገዱን በሙሉ ያስጠብቃል። ኮሚቴው ፊት ይህን እንዳታደርግ ብዬ ባለፈው ሳምንት ቴክኒሻኑ ባለበት አስጠንቅቄዋለሁ።"

"ምን አለ?"

"'እሷን ሳላሳልፍ ሚኒስትርም አላሳልፍም' አለኝ።"

የጣቢያው አለቃ ያን ቀን መሐንዲሱ በአስቸኳይ ይታሰር አለ። ሰዓቱ ገጠመ፣ ውሸቱ እጅ ከፍንጅ ተያዘ፣ ለመግደል ያለው ምክንያትም አፍ አውጥቶ ተናገረ። ኢንስፔክተሩ ጭንቅላቱን አከከና፣ "ቆይ" አለ።

*

ዓርብ ጠዋት መስቀለኛው ላይ ቆሞ ጠበቀ። መብራቱ አሁን በላዩ ላይ ሰው ስለሌለ በተሞላለት ልክ እንደ ግዑዝ ይበራል ይጠፋል። ባዶ መንገድ አረንጓዴ ያበራል፣ የተሰለፈውን በቀይ ይገትራል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ አሮጊቷ መጣች። ጋሪዋ ዙሪያውን ከወገብ በላይ በካርቶን ተከቧል፤ ከኋላው የእሷ ፀጉር ብቻ ይታያል። መሀል መንገድ ስትደርስ መብራቱ ተቀየረ፤ መኪናው ሁሉ ክላክሱን ለቀቀባት። ኢንስፔክተሩ ሮጦ ገፋላት።

"እግዜር ይስጥህ። ታሞ ነው እንዴ?" አለች ዳር ሲደርሱ።

"ማን እማማ?"

"ያ ላይኛው። መስኮቱ ላይ ያለው።" በአገጯ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ጠቆመች። "እኔ ሰው መሆኑን አላውቅም ብለህ ነው? መብራት ሰው አይጠብቅም። እሱ ሲሆን እስከ ሠላሳ፣ እስከ አርባ ቆጥሬ እሻገራለሁ። አንድ ቀን በመጋረጃው ቀዳዳ ጣቱን አወዛወዘልኝ።"

"ትናንትስ እንዴት ነበር?"

"ትናንት ልክ አንድ ሰዓት ላይ ባዶ ጋሪዬን ይዤ ስሄድ ጠበቀኝ። ሞልቼ ስመለስ ግን፣ አንድ ተኩል ይሆናል፣ አሥራ ስምንት ስል ቀማኝ! ታክሲ መጥቶ የጋሪዬን ጎማ ገጨ። ዕድሌ ሆኖ መስተዋቴ አልተሰበረም።"

"የምን መስተዋት?"

"የቁም ሳጥን መስተዋት፣ ሙሉ! ከቆሻሻ መሀል አገኘሁት። እንዳይሰርቁኝ ካርቶኑ መሀል አጋድሜ ደበቅኩት። ላንተ ነገርኩህ እንጂ ለማንም አላወራሁም።"

ኢንስፔክተሩ እዚያው መንገድ ዳር ቆሞ ሐኪሟ ጋ ደወለ።

"የሞተበትን ሰዓት ነግረሽኛል። የተመታበትንስ?"

"እሱን እኮ አልጠየቅከኝም" አለች። "ደሙ ቀስ እያለ ነው ውስጥ የፈሰሰው። ከተመታ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ሕይወት ነበረው። ሐኪም ዘንድ ቢደርስ ይተርፍ ነበር።"

ሐሙስ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል መሐንዲሱ ከኮሚቴው አጠገብ ንቅንቅ አላለም፤ ሰባት ምስክር አለው። ብልሁን መብራት ያን ጊዜ ያዘዘው ሌላ ሰው ነው፤ ደንብ የሚያውቅ፣ ለእግረኛ አሥራ ስምንት ሰከንድ የሚሰጥ። ኢንስፔክተሩ ያንን ሰው ያሳደገችው ማን እንደሆነች ትዝ ሲለው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሥራ ተማረረ።

*

ወንድሟ ሥራ የሚሄድበትን ሰዓት ጠብቆ ልብስ ሰፊዋ ቤት ተመለሰ። ያን የተቋረጠ ወሬ አስታወሳት።

"ሳጥኗ? አዎ፣ አንድ ቀን ቤት አምጥቷት ነበር። ብረቷ ይቀዘቅዛል፣ ጣቴን ቆረጠመኝ አለኝ። ከቀሚሴ የተረፈ ቀይ ከፋይ ጨርቅ ነበረኝ፤ ልብስ ሰፋሁላት።" ሳቅ ብላ ወዲያው አፈረች። "በጠርዙ ላይ ነጭ ክር አለው። ሲያዩት እንደ ሕፃን ኮፍያ ነው። ይጠቅማል?"

"ይጠቅማል" አለ ኢንስፔክተሩ።

"በል እንግዲህ ጥሩ። ሠራተኛ መሆኑን ያስረዳልኛል" አለች። እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ቴክኒሻኑ ጣቢያ ሲጠራ ተዝናንቶ ነው የመጣው፤ መሐንዲሱ ላይ ሊመሰክር የተጠራ መስሎታል።

"ሐሙስ ትዕይንቱ ሲካሄድ አንተ የት ነበርክ?"

"ሕንፃው ጀርባ፣ የጽሕፈት ቤቱ ቫን ውስጥ። ብልሽት ቢፈጠር ብዬ።"

"ከዚያ መስቀለኛው ይታያል?"

"ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየው።"

ኢንስፔክተሩ ወረቀት እያገላበጠ እንደ ሰለቸው ሰው አዛጋ። "ሌላም ጣጣ መጥቶብኛል። ያቺ ካርቶን ሰብሳቢ አሮጊት መብራቱ ቀማኝ፣ ታክሲ ገጨኝ ብላ ልትከስ ነው። ጽሕፈት ቤታችሁን ነው የምትከሰው።"

"እሷ ናት መከሰስ ያለባት!" አለ ቴክኒሻኑ ፈጥኖ። የሙያው ነገር ሲነካ ራሱን አይቆጣጠርም። "አሥራ ስምንት ሰከንድ ለማንም ይበቃል። ደግሞ ያን የሚያህል መስተዋት ወደ ላይ አጋድሞ መንገድ ይቋረጣል? ፀሐዩን መልሶ ዓይን ያጠፋል እኮ!"



"ቆይ" አለ ኢንስፔክተሩ። "መስተዋቱ ካርቶን መሀል ተኝቶ ነበር። መንገድ ላይ ከቆመ ሰው አንድም ያየው የለም፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም። ከላይ፣ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ካልሆነ ከየትም አይታይም።"

 በዚያው ሰዓት አንድ ፖሊስ ከቫኑ ወንበር ሥር የተገኘውን ይዞ ገባ። ባለ አራት ቁልፍ ሳጥን ነበር፣ ቀይ ከፋይ የለበሰ፣ በጠርዙ ነጭ ክር ያለው። ክሩ ግማሹ በደም ጠቁሯል።

ቴክኒሻኑ ከፋዩን ለረጅም ጊዜ አየው። የእህቱን እጅ ስፌት ለመለየት ማንም አያስፈልገውም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የለበሰው እሱን ነው።

"መቁጠሪያዎቹ ተቀብረው ይሠራሉ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ" አለ። "መቁጠሪያዎቹ ጨርሶ እንደማይመጡ ጋሼ የሰማው ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ትንሽ ከሠራ በኋላ መብራቱ ቆመ። በእጅ ሬዲዮ መሐንዲሱ ጮኸብኝ። ሮጬ ወጣሁ። እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። 'ጣቴን አነሣሁ' አለኝ። 'ስልሳ መስኮት ላይ ስልሳ ፊሽካ ከየት ልታመጡ ነው? ሰው ታስፈጃላችሁ፤ ይዩትና ይወቁት' አለ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። እታሰራለሁ አልኩት። 'ስትታሰር ስንቅ አመጣልሃለሁ' አለኝ። መቀለዱ ነበር። መፍቻ ይዤ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና መጫን ጀመርኩ።"

"በሕይወት እንዳለ ታውቅ ነበር?"

 ኢንስፔክተሩ ጥያቄውን አልደገመውም፤ መጠበቅ ልማዱ ነው።

"አምቡላንሱ ሲመጣ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ" አለ በመጨረሻ። "ድምፁን ሰምቶ ነው መሰለኝ።"

"አንተስ ምን አደረግክ?"

"አሳለፍኩት። ኮሚቴው ያጨበጨበው ያኔ ነው።"

"አምቡላንሱ ውስጥ ማን ነበር?"

"ማንም። ለትዕይንቱ ተብሎ የመጣ ነው። ነርሷና ባዶ አልጋ ብቻ።" ከዚያ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። "ለእትዬ ግን ወዲያው ነው የሞተው ይበሉልኝ። አደራ።"

*

እሑድ ሬዲዮው ዜናውን አስተካከለ። ሟቹ ሌባ ሳይሆን የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ነበር አለ፤ ተጠርጣሪ መያዙንም ጨመረ፣ ማንነቱን ግን አልገለጸም። በዚያው ዜና ሚኒስቴሩ የስልሳውን መስቀለኛ ገንዘብ እንደማይከለክል፣ ነገሩ የአንድ ግለሰብ ጥፋት እንደሆነና የመብራቱ ለአምቡላንስ ቅድሚያ መስጠት ኮሚቴውን በእጅጉ እንዳስደሰተ ተነገረ።

ኢንስፔክተሩ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲደርስ ወንበሮቹ ሞልተዋል። በር የዘጉት ጎረቤቶች ሁሉ መጥተዋል፣ አንዳንዶቹ ከእሷ በላይ ያለቅሳሉ። እሷ ስታየው ተነሥታ ሁለት እጁን ሳመች።

"ሰማችሁ?" አለች ወደ ሰዉ ዞራ። "ሌባ አይደለም! አምቡላንስ አሳልፎ፣ የሰው ነፍስ አድኖ ነው የሞተው!" ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሩ ጠጋ አለች። "ወንድሜን ብቻ ሁለት ቀን ሥራ ላይ ነው ብለው ከለከሉኝ። ይህን ቢሰማ እንዴት ደስ ይለው! የታል?"

ወደ ጓዳ ይዟት ገባና በሩን ዘጋ። ነገራት። የመፍቻውን፣ የቫኑን፣ የቀዩን ከፋይ። ከፋዩ ላይ ሲደርስ እጆቿን አነሣችና እንደ ሌላ ሰው ዕቃ አየቻቸው።

"አምቡላንሱንስ ያሳለፈው ማነው?" አለች።

"ወንድምዎ።"

"ባሌ ያን ጊዜ ሞቷል?"

አደራውን አስታወሰ። ወዲያው ነው የሞተው ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ሲያመነታ ግን ቆየ፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ ጨርቅ ስትለካ የኖረች ናት፣ የዝምታውን ርዝመት ለካችው።

ከወዲያ በኩል አንዷ ጎረቤት የፊሽካን ታማኝነት እያነሣች ሙሾ ታወርዳለች። ልብስ ሰፊዋ ያንን ለአፍታ አዳመጠችና መሬት ላይ ተቀመጠች። የኢንስፔክተሩን ሱሪ ጫፍ ያዘች።

"ሌባ ነው በሉ" አለች። "እኔ ራሴ እመሰክራለሁ። ሽቦ ሲሰርቅ አየሁት እላለሁ፣ ቤትም ያመጣ ነበር እላለሁ። በሬዲዮ ንገሩት። ልጄን ብቻ መልሱልኝ።"